የወንበሩ ሆድ

ቀርሜሎስ ተራራ፣ ከሆቴሉ አናት፣
ሁለት መቶ ወንበር እዘረጋለሁ ጠዋት፤
ማታ አጥፋለሁ።
ሐሙስ ዕለት የመጡት
ስለ ቻይና ሊመክሩ ነበር የተጠሩት፦
አንዱ ከብራስልስ፣ ሁለቱ ከለንደን፣ አንዱ ከዋሽንግተን፣
አንዲቱ ከዚሁ ከቴል አቪቭ፣
መነጽሯን በሻሿ ደጋግማ የምትወለውል።

ረጅሙ ሰውዬ ካርታውን አበራ፤
በእጁ የያዛት ቀይ የብርሃን ነጥብ
ከባሕር ወደ ባሕር እንደ ቁንጫ ዘለለች፤
ሐይፋ ወደብ ላይ ስታርፍ
«ይኸውላችሁ! ዘንዶው ደረሰ» አለ።
አስተርጓሚዋ በዕብራይስጥ መለሰችው፤
እኔ በሆዴ ባማርኛ መለስኩት፤
አማርኛ ውስጥ ሲገባ ዘንዶው ጅራት አወጣ፣
የልጅነቴን ምንጭ ዘግቶ ተኛበት፣
ልጃገረድ እስኪሰጡት።

ከምሳ በፊት «በዐሥር ዓመት ውስጥ ይውጠናል» ተባለ፤
ከምሳ በኋላ «በዐሥር ዓመት ውስጥ ይፈርሳል» ተባለ፤
አጨበጨቡ ለሁለቱም።
ያው እጅ ነው፣ ያው ጭብጨባ፤
በመሃል ዓሣ ተበላ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ይላል ያገሬ ሰው፤
እነዚህ ግን የማያውቁትን በጃቸው ቀርጸው፣
ቀንድ ቢያሻቸው ቀንድ፣ ክንፍ ቢያሻቸው ክንፍ ሰክተው፣
«አወቅነው» ብለው ያድራሉ።

አልስቅባቸውም። እኔንም አንድ ቀን
እንዲህ ባለ አዳራሽ ሲያስረዱኝ ሰምቻለሁ፦
«ዓይናፋር ናቸው፤ ሰዓት አያውቁም፤ ባንድ ጊዜ ብዙ አትንገሯቸው።»
ቀይ ነጥቧ ያኔ ደረቴ ላይ ነበረች።
ይርዳው የሚለውን ስሜን ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ አስቀሩት፤
«ያኢር» ብለው ሰጡኝ፤
ልኬ እንዳልሆነ ጫማ
ተጫምቼው ሠላሳ ዓመት ሄድኩ።

ሲበተኑ ማጠፍ ጀመርኩ።
የወንበርን ሆድ የሚያየው የሚያጥፈው ብቻ ነው፤
የተቀመጠ አያየውም።
ከሆዱ ላይ ማኅተም፦ የቻይና ሥራ።
ሁለት መቶ ጊዜ ገለበጥኩ፤ ሁለት መቶ ጊዜ አነበብኩ።
ቀኑን ሙሉ የፈሩት ላይ ተቀምጠው ነበር የዋሉት።

ቁልቁል፣ ባሕረ ሰላጤው ዳር፣ ክሬኖቹ በርተዋል።
ፌርማታው ላይ ጓንግፉን አገኘሁት፤
ብረት በያጅ ነው፣ ከክሬኖቹ ሥር ይውላል።
ፎርማኑ «ሲኒ!» እያለ ይጠራዋል፤
በዕብራይስጥ ቻይናዊ ማለት ነው፤ በኔ ጆሮ ግን ሲኒ፣
ያ ትንሹ፣ ተሰባሪው፣ ጆሮ የሌለው።
ቅርያት ያም ገበያ ሽንኩርት ስንመርጥ ነው የተዋወቅነው፤
የሱም ዕብራይስጥ ስብርባሪ፣ የኔም ስብርባሪ፣
ገጣጥመን አንድ ማድጋ እንሠራለን፤
ውኃ ባይዝም።

«ዘንዶ ናችሁ አሉ» አልኩት፣ በእጄ ጅራት እየሠራሁ።
ሳቀ። «በኛ ዘንድ እኮ ዝናብ ነው የሚያመጣው» አለ፤
«ባባቴ ማሳ ላይ ግን ሳይመጣ ሰባት ዓመቱ።»
ስለ ደላላው ዕዳ ነገረኝ፣
ባንድ ክፍል ስድስት እንደሚያድሩ፣
ስለ ልጁ ፈተና።
«መንግሥታችሁስ? ለመሆኑ ምንድን ነው የሚፈልገው?» አልኩት።
ስልኩን አየ። ኪሱ ከተተው። መልሶ አወጣው።
«ሽንኩርት ተወደደ» አለኝ።

እኔም እንደ ሊቆቹ
ያንን ዝምታ መንገዱን ሁሉ ስተረጉም መጣሁ፤
አንዴ ፍርሃት አልኩት፣ አንዴ ኩራት፣
አንዴ እንዲያው ድካም።
አውቶቡሱ ሰፈራችን ሲደርስ
አንድ ሙሉ አገር አሸክሜው ነበር፤
እሱ መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል፣
አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣
አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ።

ነገ ደግሞ እዘረጋለሁ።
ሌሎች ይመጣሉ፤ ስለ ሌላ ይመክራሉ።
ከፊተኛው ረድፍ አንዱን፣
ካርታው ትይዩ ያለውን፣
ገልብጬ ልተወው ይሆን? ሆዱን ወደ ላይ፣
የሚቀመጥበት ሰው አስቀድሞ እንዲያነብ።

የደመወዝ ቀን ቀርቧል።
ቀና አድርጌ አቆመዋለሁ።